ሰው ሳይሆን ሞተር መዝግቡ

ይህ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ለቮልስ ባለቤቶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስለውጠው ሳቁንና ሳሉን አውጥቼዋለሁ። የቀረው እንደነበረ ነው።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ይቅርታ አድርጉልን። በቮልስ ስድስት ሆናችሁ ተጭናችሁ ታውቃላችሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ጠጋ ጠጋ በሉ።

መጀመሪያ ራሴን ላጋልጥ። ሜካኒክ አይደለሁም። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰንጠረዥ ስሞላ ነው የምውለው። ይህን የምነግራችሁ ኋላ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ስትሰሙ ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው።

ጥያቄያችሁ ይህ ነበር፦ ለሞተራችን በልክ የተሠራ ዕቃ በጋራ ከውጭ እንዴት እናስመጣ? ይህን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ገንዘቡ ነው። ማን ይሰብስብ? ማን ይያዝ? ማን ይላክ? እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ገንዘቡ ግን ያን ያህል አላስቸገረንም። አንድ ጊዜ በደንብ አስደንግጦናል፤ እሱን እመጣበታለሁ። የምር ያስቸገረን ልኬት ነው።

ከምን እንደተነሳን ልንገራችሁ። የኔ ቮልስ 1600 ነው። በ2016 መስከረም ላይ ዘይት መብላት ጀመረ። ሜካኒኬ ሞተሩን አውርዶ ከፈተው። ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ካሚሻዎች ተበልተዋል። ፒስተኖቹን የከበቡት ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹ፣ ደክመዋል። አንዱ ፒስተን ጎኑ ተፍቋል። መቀየር አለበት። ሜካኒኬ ፒስተኑን በጨርቅ እየጠረገ፣ "መቀየሩ ካልቀረ ለምን ለዚህ ከተማ የሚስማማ አናደርገውም?" አለኝ። ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚህች ንግግር ነው።

ለዚህ ከተማ የሚስማማ ሲል ምን ማለቱ ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚስበውን አየር እዚህ አያገኝም። ባሕር ዳርቻ ስል ጅቡቲን ማለቴ ነው፤ ባሕር ዳር ከተማማ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናት። ከአየሩ ሩብ ያህሉ እዚህ የለም። የ1600 ቮልስ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 50 የፈረስ ጉልበት ነው የተባለለት። እዚህ 38 ቢያወጣ ደስ ይበላችሁ። ተርቦ ያለው መኪና አየሩን ራሱ ስለሚገፋ ብዙም አይሰማውም። ቮልስ ግን የሚተነፍሰው ያገኘውን ነው።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል። ሞተሩ ያገኛትን አየር አጥብቆ እንዲጨምቅ ማድረግ። ፋብሪካው ለ1600 የሰጠው ኮምፕረሽን 7.5 ለ1 ነው። ሰባት እጅ ተኩል የነበረውን ወደ አንድ እጅ ያጠብበዋል ማለት ነው። ይህ ደካማ ቤንዚን ለሚቀዳበት፣ አየሩ ወፍራም ለሆነ አገር ሁሉ እንዲያገለግል የተመረጠ ነው። እዚህ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ግፊቱም ዝቅ ይላል። ስለዚህ 8.5 ለ1 ብናደርገው ሞተሩ ሳያንኳኳ፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሳይፈነዳ፣ ይሸከመዋል።

አሁን ትንሽ ሂሳብ ታገሡኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል። ሞተሩ 1,584 ሲሲ ነው። ለአራት ሲካፈል አንዱ ሲሊንደር 396 ይደርሰዋል። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ባዶ ቦታ በ7.5 ኮምፕረሽን 61 ሲሲ ገደማ ነው። በ8.5 ደግሞ 53 ገደማ። ልዩነቱ 8 ሲሲ ብቻ። ይህ ሁለት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ለዚህች ለሁለት ማንኪያ ለማትሞላ ነገር ነው አንድ ዓመት ከአራት ወር የተንከራተትነው።

ታዲያ ፒስተኑን ከፍ አድርጎ ማሠራት አይበቃም? አይበቃም። የቮልስ 1600 ፒስተን ስፋቱ 85.5 ሚሊሜትር ነው። 8 ሲሲውን በዚህ ስፋት ላይ ብትዘረጉት 1.4 ሚሊሜትር ውፍረት ይኖረዋል። በፒስተኑ ራስና በካሚሻው አፍ መካከል ያለው ክፍተት ራሱ 1.5 ነው። የምትቀረው ከወረቀት ብዙም የማትበልጥ ክፍተት ናት። ሞተር ይሞቃል፣ ብረት ይለጠጣል፣ ፒስተኑ ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ክዳን፣ ይመታል። ስለዚህ ጠርዙ ባለበት ሆኖ መሀሉ ብቻ ጉብ ያለ ፒስተን ያስፈልጋል። ጉብታው ቴስታታው ጉድጓድ ውስጥ ይገባና 8 ሲሲውን ይሞላል።

እንዲህ ያለውን ሶማሌ ተራ ገብታችሁ "ስጠኝ" አትሉም። ሶማሌ ተራ ላይ ብዙ ነገር ይገኛል፤ የጠፋባችሁን የራሳችሁን ስፖኪዮ መልሳችሁ ትገዛላችሁ ይባላል። ለ2,300 ሜትር ተብሎ የተሠራ ፒስተን ግን የለም። ማሠራት ነው።

ደግነቱ ቮልስ የሞተ መኪና አይደለም። የመጨረሻው አሮጌው ቮልስ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው። በጠቅላላው 21,529,464 ተመርቷል። ብራዚል ውስጥ ኮምቢው ይህንኑ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር እስከ እ.ኤ.አ. 2005 መጨረሻ ይዞ ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬም ለዚህ ሞተር ዕቃ የሚሠሩ ትልልቅና ትንንሽ ፋብሪካዎች አሉ። በልክ የሚሠሩም አሉ። ስዕል ላክላቸው፣ ይሠሩልሃል። ለእኛ ደግሞ ነገሩ የቅንጦት ብቻ አይደለም። ከጥር 2016 ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለህን ሞተር ካላቆየህ ሌላ ቤንዚን ሞተር ከየት ታመጣለህ?

በልክ ማሠራት ግን ለአንድ ሰው አይሆንም። ፋብሪካው ስዕሉን ለማዘጋጀት፣ ማሽኑን ለማስተካከል፣ የመጀመሪያውን ለመሞከር የሚጠይቀው ገንዘብ አለ። አንድም ፒስተን ብታዝ መቶም ብታዝ ያው ነው። ለስሌት እንዲመች 1,400 ዶላር ነው እንበል። ለአስራ አራት ሞተር ሲካፈል ለየአንዳንዱ 100 ይደርሰዋል። ለዘጠኝ ሲካፈል 155 ያልፋል። ለአንዱ ብቻ ከሆነ መኪናውን ሽጠህ ፒስተን ግዛ ነው። በቡድን መግዛት ማለት ይህችን ቋሚ ወጪ መከፋፈል ነው። ከጅምላ ቅናሽ የምትገኘው ትርፍ ትንሽ ናት።

አስራ አራትና ዘጠኝ ያልኩትን አትርሱ።

እንግዲህ ሰው መሰብሰብ ጀመርኩ። ሃሳቡን ስናገር ሠላሳ የሚሆን ሰው እጁን አወጣ። ደስ አለኝ። ሠላሳ ስም ጻፍኩ፣ ስልክ ጻፍኩ። ሂሳብ ሠራተኛ አይደለሁ? በሠላሳ አካፈልኩና ዋጋ ተናገርኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው። እጅ ማውጣት ነጻ ነው። "እኔም አለሁበት" ማለት ሰላምታ ነው። ሰው ወዳጅነቱን ነው የሚገልጽልህ እንጂ ገንዘቡን አይደለም። በተናገርኩት ዋጋ ግን ለወራት ሲይዙኝ ኖረዋል። "አንተ እኮ ይህን ያህል ብለህ ነበር!"

ሜካኒኬ ዝርዝሩን አየና፣ "ይሄ የሰው ስም ነው፤ ሞተሮቹ የታሉ?" አለኝ። እውነቱን ነው። አንዱ ያለው 1200 ነው፤ ስፋቱ 77፣ ፒስተኑን የሚይዘው ፒንም ቀጭን። አንዱ 1300 ነው። አንዱ ሊብሬው 1300 ይላል፣ ውስጡ ግን ከዓመታት በፊት 1600 ሆኗል። አንዱ ጭራሽ ቮልስ የለውም፤ ሊገዛ አስቦ ነው። ዝርዝሩን ቀደድኩት። አዲሱ ዝርዝር ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የሞተር ቁጥር ሆነ። ከዚያ ስፋት፣ ከዚያ የቴስታታ ጉድጓድ ልክ። የባለቤቱ ስም መጨረሻ ላይ ነው።

የቴስታታውን ጉድጓድ ለመለካት ቴስታታው መውረድ አለበት። ቴስታታው እንዲወርድ ሞተሩ መውረድ አለበት። የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን ነው የተያዘው፤ የለመደ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላው መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ቢሆንም ደህና የሚሠራ ሞተር አውርደህ ለካ ሲባል ሰው ልቡ ይርቃል። ሠላሳው አስራ አራት ሆነ። ያኔ ከፋኝ። ዛሬ ሳስበው ያ መመዘኛ ስጦታ ነበር። ሞተሩን ለማውረድ ያልቆረጠ ሰው ፒስተኑ ሲመጣም አያወርደውም።

አለካኩ ቀላል ነው። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ትገዛላችሁ። መሀሏ የተበሳች ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ታዘጋጃላችሁ። የጉድጓዱን ጠርዝ ግሪስ ቀብታችሁ ፕላስቲኳን ትለጥፋላችሁ። ካንዴላ አስራችሁ፣ ቫልቮዎቹ መዘጋታቸውን አይታችሁ፣ በቀዳዳዋ ላምባ ትሞላላችሁ። ስንት ሲሲ እንደገባ ታነባላችሁ። በውኃ አትለኩ፤ ውኃ ጥግ ጥጉ ላይ አረፋ ይይዝና ይዋሻል። አንድ ሞተር ሁለት ቴስታታ፣ አራት ጉድጓድ አለው። አስራ አራት ሞተር፣ ሃምሳ ስድስት ጉድጓድ። ሃምሳ ስድስቱንም እኔና ሜካኒኬ ለካን። ቤቴ ለአንድ ወር ላምባ ላምባ ሲል ባለቤቴ ምን እንዳለችኝ እዚህ አልናገርም።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣን። ሃምሳ ስድስት ቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አለኝ። ፋብሪካው የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ምን አደርጋለሁ? የለመድኩትን አደረግሁ። አማካይ አወጣሁ! 49 ሲሲ መጣ። አምሮ፣ ተጠጋግቶ። በዚያ ስዕሉን አዘጋጀሁና ከመላኬ በፊት ለወጉ ያህል ለሜካኒኬ አሳየሁት።

አየው። ዝም አለ። ከዚያ፣ "የማን ቴስታታ ነው ይሄ?" አለኝ።

የማንም አልነበረም። ዘጠኙ ሞተሮች 52 ገደማ ናቸው። አምስቱ 44 ገደማ። 49 የሆነ አንድም ሞተር የለም። አምስቱ ለምን ጠበቡ? ቴስታታቸው በየዘመኑ ቶርኖ ቤት ገብቶ ተልጓል። ጋዝ ሲያሾልክ ትልግ፣ ሲጣመም ትልግ። አንዳንዱ ባለቤት ይህን አያውቅም፤ መኪናውን ከመግዛቱ በፊት የተደረገ ነው።

እስቲ አስቡት። ለ52ቱ የሚስማማ ባለ 8 ሲሲ ጉብታ ፒስተን ለ44ቱ ብንሰጣቸው ኮምፕረሽናቸው ወደ 9.9 ይዘላል። በምንቀዳው ቤንዚን ዳገት ላይ ያንኳኳል። ሳይውል ሳያድር ፒስተኑ ይቦደሳል። ጥፋቱ ደግሞ የማን ይሆናል? የሰብሳቢው።

በዚሁ ሌላ ነገር ታየኝ። የአምስቱን ሞተሮች ኮምፕረሽን አሁን ባሉበት፣ ከተራው ጠፍጣፋ ፒስተን ጋር አሰላሁት። 44 ጉድጓዱ፣ 8.6 ከፒስተኑ በላይ ያለው ክፍተት። በድምሩ 52.6። ኮምፕረሽኑ 8.5 ነው። እኛ ባሕር ተሻግረን ልናመጣው የፈለግነውን እነሱ ሳያውቁት ቤታቸው ይዘው ተቀምጠዋል። የሚያስፈልጋቸው ገበያ ላይ ያለ ተራ ፒስተንና ካሚሻ ነው።

እዚህ ጋ ሰብሳቢ ይፈተናል። አምስቱን "እናንተ ይቅርባችሁ፣ አያስፈልጋችሁም" ካልኩ የዘጠኙ ዋጋ ይጨምራል። 100 የነበረው 155 ይሆናል። ዝም ካልኩ ዋጋው አይነካም፣ አምስት ሰው ግን ሞተሩን ያቃጥላል። አነጋገራችን ቀላል አልነበረም። ከዘጠኙ አንዱ፣ "ትንሽ ጉብታውን ዝቅ አድርገን ሁሉም ቢገባስ?" አለ። ማለትም ለአምስቱ የማያስፈልጋቸውን ግማሽ እንሽጥላቸው፣ ለዘጠኙም ግማሽ ይድረሳቸው። አማካይ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ። እምቢ አልን። አምስቱ ወጡ። አንዳቸው ተቀይመውኝ ነበር፤ የተገፉ መስሏቸው። አሁን ታርቀናል። ቴስታታቸውን በነጻ የለካሁላቸው እኔ መሆኔ ቆይቶ ትዝ አላቸው።

ስለ ስዕሉ አንድ ነገር ልጨምር። በልክ እናሠራ ሲባል ሰው ሁሉ ነገር እንዲለወጥ ያምረዋል። "ስፋቱንም 87 እናድርገው፣ ፒኑንም እናቅለው፣ ፋሻውንም ቀጭን እናድርገው።" አይሆንም! እኛ የለወጥነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፒስተኑን ራስ። ስፋቱ 85.5 ሆኖ ቀረ፤ ካሚሻ እንደልብ ስለሚገኝ። ፒኑ 22 ሚሊሜትር ሆኖ ቀረ። የፋሻው ጎድጓዳ መስመርም የፋብሪካው ልክ ነው። ለምን? ከአምስት ዓመት በኋላ ፋሻ ሲያልቅባችሁ የኛን ፋብሪካ ልትፈልጉ ነው? ፋሻው የማይገኝ ውድ ፒስተን የሲጋራ መተርኮሻ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ስለ ስሙ የገጠመን። ስብሰባ ላይ "ፒስተኑ ፎርጅድ ነው" ስል አንድ ትልቅ ሰው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ብድግ አሉ። "ልጄ፣ ፎርጅድ ለመግዛት ነው እንዴ ይህን ያህል የምንደክመው? ኦርጅናል የለም?" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞተ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እውነት አላቸው እኮ። እኛ ዘንድ ፎርጅድ ማለት የውሸት መታወቂያ፣ የውሸት ዲግሪ ነው። የፋብሪካው ሰዎች ቃል ደግሞ በሻጋታ ከፈሰሰው ይልቅ በከባድ ግፊት ተቀጥቅጦ የተሠራውን፣ ጠንካራውን ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ ወረቀታችን ላይ "ተቀጥቅጦ የተሠራ" ብለን ነው የምንጽፈው። ብትስቁም ጻፉት። አንድ አባል የተስማማበት ነገር ምን እንደሆነ ካልገባው አልተስማማም።

ገንዘቡን ቃል በገባሁት መሠረት ልምጣበት።

ብዙዎቻችሁ "እንደ እቁብ ነዋ" ትሉኛላችሁ። እንደ እቁብ የሆነም ያልሆነም አለው። ዳኛ ያስፈልጋል፣ ጸሐፊ ያስፈልጋል፣ ዋስ ያስፈልጋል። እነዚህን ከእቁብ ወሰድን። ዳኛውና ጸሐፊው ባንክ ላይ በጥምር ፊርማ ነው ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱት፤ አንዱ ብቻውን ሳንቲም አያወጣም። ዋስነቱን ግን ለወጥነው። በእቁብ ዋስ የሚቆመው ከበላ በኋላ እንዳይጠፋ ነው። እዚህ የሚያስፈራው ከማዘዛችን በፊት ወይም በኋላ ሐሳቡን የሚቀይር ነው። ስለዚህ፣ ትዕዛዙ ከተላከ ወዲያ ገንዘብ አይመለስም፤ መውጣት የፈለገ የሚተካውን ሰው፣ ያውም 52 ሲሲ ቴስታታ ያለውን፣ ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ይህን አስቀድመን ጽፈን ሁላችንም ፈረምን። ሌላም ልዩነት አለ። የእቁብ ብር እዚሁ ይዞራል። የኛ ብር ዶላር ሆኖ ሄዶ ሦስት ወር ይጠፋል።

ዶላር ስል፣ የደነገጥንበት ይኸውና። ግማሹን ቅድሚያ ክፍያ በሰኔ 2016 ሰብስበን ጨረስን። በብር። ባንክ ተቀምጧል። አስመጪ እስክናገኝ እየጠበቅን ነው። ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ሄደ። ሳምንታት ሳይቆይ 100ን አለፈ። አንድም ብር ሳይጎድል ገንዘባችን ባለበት ቁጭ ብሎ አነሰ። ዋጋችን ላይ "ምንዛሪ ከተለወጠ ይስተካከላል" የሚል አንቀጽ አልነበረም። አሁን አለ። በመጀመሪያ መስመር ላይ ነው ያለው። ያኔ ግን ዘጠኛችንም ቁጭ ብለን ልዩነቱን እንደገና አዋጣን። ማንም አልወጣም። ሞተራቸው ወርዶ መሬት ላይ ስለነበር ይመስለኛል።

አስመጪ ለምን አስፈለገ? ናሙናውን ያመጣችልን አሜሪካ ያለች እህቴ ናት። አራት ፒስተን በሻንጣ፣ ለራሴ ሞተር። ችግር የለውም። ከዚያ አንዱ፣ "የቀረውንም በመንገደኛ እየከፋፈልን እናምጣው" አለ። ሠላሳ ሁለት ተመሳሳይ ፒስተን ጉምሩክ ሲያየው ንግድ ነው። ነውም። መወረስ ቢመጣ የዘጠኝ ሰው ገንዘብ ነው የሚወረሰው፤ የምታፍረው ደግሞ ሻንጣውን የተሸከመችው ምስኪን ናት። ስለዚህ የንግድ ፈቃድ ያለው አስመጪ ፈልገን በኮሚሽን አስመጣን። ፒስተን በጉምሩክ ታሪፍ 84.09 ሥር ነው የሚገባው፤ የሞተር ክፍሎች የሚገቡበት። ቀረጡ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ይደመርበታል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ቀረጡም ተጨምሮበት ነው የሚሰላው። ታክስ በታክስ ላይ ነው። ዋጋ ለአባላት ስትናገሩ እዚህ ቤት ደጃፍ የደረሰበትን እንጂ ፋብሪካው በር ላይ ያለውን አትናገሩ።

ናሙና አልኩ። ናሙናውን አትዝለሉት። አንድ ሙሉ ስብስብ ብቻ አስቀድመን አሠራን፤ በሰብሳቢው ሞተር ላይ ገባ። ጥፋት ካለ መጀመሪያ የሚቃጠለው የኔ ይሁን። ከመገጠሙ በፊት ልጆች የሚጫወቱበትን ሊጥ መሳይ ጭቃ ጉብታው ላይ ለጥፈን፣ ቴስታታውን አስረን፣ ሞተሩን በእጅ አዞርነው። ከፍተን ጭቃውን በምላጭ ቆርጠን ውፍረቱን ለካን። ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ቦታ አላገኘንም። የልጄ ጭቃ ነበር፤ አረንጓዴው። እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል።

ዋናው ጭነት ጥር 2017 ደረሰ። ስምንት ሳጥን፤ የኔ በናሙናው ቀድሞ ገብቷል። ሁሉም እዚያው እንዲከፋፈል ጓጉቶ ነበር። አይሆንም አልን። መጀመሪያ እያንዳንዱን ፒስተን የወርቅ ቤት በመሰለ ሚዛን መዘንን። በአንድ ሞተር ውስጥ ባሉ ፒስተኖች መካከል ከ10 ግራም በላይ ልዩነት እንዳይኖር የቮልስ ፋብሪካ ያዛል፤ አለዚያ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ክብደቱ ደህና ነበር። ግን ሁለት ሳጥን ውስጥ የፒኑ ማቆሚያ ቀለበት የለም። ያቺ ትንሽ ሽቦ ከሌለች ፒኑ ወጥቶ ካሚሻውን ያርሰዋል። ፋብሪካው ረስቶት ነው። ጻፍንላቸው፣ ላኩ፤ አምስት ሳምንት ፈጀ። የሁለቱን ሳጥን ዕድለኞች ማን ይሁን? ዕጣ አወጣን። እቁብ እዚህ ጋ እንደገና ጠቀመን። ከዕጣው ለሁለተኛዋ ሳጥን የወጣው ማን እንደሆነ ገምቱ። ጋሼ። "አላልኩም?" አሉ፣ "ፎርጅድ ነው ብያችሁ ነበር።"

በጥያቄው ሰዓት ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ያነሳችውን ልጻፈው። "ይህ ሁሉ ለምን ያህል ጉልበት ነው?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሰው ሊጠይቀኝ የማልፈልገው ዓይነት። ከ7.5 ወደ 8.5 መሄድ በወረቀት ሲሰላ የሚሰጠው 4 በመቶ አካባቢ ነው። ከፍታው ሩቡን ወስዶ እኛ አራት በመቶ መለስን። ካርቡራተሩ ላይ ለስሱ አየር የሚስማማ ጠበብ ያለ ጅግለር፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ቀዳዳ፣ አድርገንበታል፤ ጥቁር ጭሱን ያጠፋው እሱ ነው እንጂ ፒስተኑ አይደለም። ጅግለሩ ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ማንም ብቻውን ሊገዛው ይችላል።

"ታዲያ ይቆጭሃል?" አለች።

የኔ ፒስተን እንደሆነ ተበልቶ ነበር። መቀየሩ አይቀርም ነበር። ለዘጠኛችንም እንደዚያው ነው። የደህና ፒስተን ባለቤት ሆናችሁ ለአራት በመቶ ብላችሁ ሞተር ከምታወርዱ ግን መጀመሪያ ጅግለሯን ሞክሩ። ቴስታታችሁ ከወረደ ደግሞ ሲሪንጁ እኔ ዘንድ አለ። ላምባ ይዛችሁ ኑ፤ ቤት ውስጥ ግን አንለካም፣ ተከልክያለሁ።